ሳይተረጎም የቀረው ቃል

በ2018 (እ.ኤ.አ.) ከስግድ በዓል ቀደም ብሎ ሐይፋ ውስጥ በተደረገው የማኅበራችን የወጣቶችና የወላጆች ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር



የማኅበሩ ሰዎች «ስለ አገር ናፍቆት ተናገሪ» ሲሉኝ መጀመሪያ ሳቄ መጣ። እኔ የተወለድኩት እዚሁ ሐይፋ ነው። ጎንደርን በፎቶግራፍና በአያቴ አፍ እንጂ በእግሬ አላውቃትም። ያላየሁት አገር እንዴት ይናፍቀኛል? አማርኛዬንም ታውቁታላችሁ። አፌን የፈታሁት በአያቴ ነው፤ ፊደል የቆጠርኩት ግን ሁለተኛ ደረጃ ገብቼ ለባግሩት ስዘጋጅ ነው። ስለዚህ ስሳሳት እናቶች ከተቀመጣችሁበት አርሙኝ። ወጣቶች ደግሞ ዕብራይስጥ ሲያመልጠኝ አትሳቁብኝ።

የማወራችሁ ስለ አንድ ቀን ነው። ባለፈው ወር፣ ከሱኮት በዓል በኋላ የሆነ ነገር ነው። አያቴን «ልናገረው ወይ?» ብዬ አስፈቅጃታለሁ። «ተናገሪው፤ ግን እንዳታሳምሪው» ብላኛለች። ያቻትላችሁ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነጠላዋን ስባ ተቀምጣለች። ካሳመርኩት እሷ ትነግራችኋለች።

እኔ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አስተርጓሚ ነኝ። ደመወዝ የለውም፣ ዕረፍትም የለውም። እዚህ ያላችሁ ልጆች አብዛኞቻችሁ ሥራውን ታውቁታላችሁ። ኩፓት ሆሊም ከአያት ጋር፣ ባንክ ከአያት ጋር፣ ከቢቱዋሕ ለኡሚ የመጣ ሦስት ገጽ ደብዳቤ ይዞ ወጥ ቤት መቀመጥ። አያቴ «ምን ይላል?» ትላለች። እኔ ሦስቱን ገጽ በዓይኔ አሮጥና «ምንም አይልም፤ ፈርሚ ነው የሚለው» እላለሁ። ፊልም አምልጦኝ እንዳይሆን እቸኩላለሁ መቼስ።

አንድ ጊዜ፣ አራተኛ ክፍል ሆኜ፣ የወላጆች ምሽት ላይ እናትና አባቴ ሥራ ስለነበሩ አያቴ መጣችልኝ። አስተማሪዬ «ይቺ ልጅ አፏ አያርፍም፤ የቤት ሥራ አትሠራም፤ ሌሎቹንም ትረብሻለች» አለች። አያቴ ወደ እኔ ዞር ብላ «ምን አለች?» «ጎበዝ ናት፣ ክፍል ውስጥ ብዙ ትሳተፋለች አለች።» አያቴ ተነሥታ አስተማሪዋን ሁለት እጇን ይዛ መረቀቻት። አስተማሪዋ ግራ ገባት። እስቲ ከመካከላችሁ እንዲህ አድርጎ የማያውቅ ልጅ እጁን ያውጣ። አያችሁ? አንድ እጅ የለም።

ይህን ያህል ጊዜ ሳስተረጉም ኖሬ፣ ሥራዬን በትክክል የሠራሁት ግን ባለፈው ወር ነው። ለዚያውም ዘግይቼ።

አያቴ ከቆየ የስኳር ሕመም ጋር ነው የምትኖረው። ዕድሜዋ በመታወቂያዋ 68 ነው፤ እሷ ግን «ከዚያ እበልጣለሁ፤ ስንገባ በግምት ነው የጻፉልኝ» ትላለች። በዚያ ቀን ሆስፒታል ቀጠሮ ነበራት። አባቴ ከሥራ አስፈቅዶ በመኪናው አመጣን። የመኪና ማቆሚያ ሲፈልግ ተራችን ደረሰና እኔና አያቴ ብቻ ገባን።

ሐኪሙ ደግ ሰው ነው። አያቴን እያየ ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። ሁለቱም ኩላሊቶቿ ደክመዋል፤ ደሟን በሚገባ ማጣራት አቁመዋል፤ ከእንግዲህ በመድኃኒት ብቻ አይሆንም፤ ለዲያሊሲስ መዘጋጀት አለባት። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል ከመሣሪያ ጋር ታስራ ትቀመጣለች። ይህን አልፈልግም ካለችም መብቷ ነው፤ ግን ያኔ የሚሆነውን ማወቅ አለባት። ነገረን። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «እባክሽ ሁሉንም ንገሪያትና ምን እንደምታስብ ጠይቂልኝ» አለ።

አያቴ «ምን አለ?» አለች።

እኔም «ኩላሊትሽ ትንሽ ደክሟል አለ። መድኃኒት ይለውጥልሻል» አልኳት።

ሐኪሙ ሁለት ደቂቃ ተናግሮ እኔ በአምስት ሰከንድ ጨረስኩ። «ይኸው ብቻ ነው?» ብሎ አየኝ። «አዎ፣ አማርኛ አጭር ቋንቋ ነው» አልኩት። አሁን ሳስበው ያፍረኛል። አማርኛ አጭር ቋንቋ አይደለም። አጭሯ እኔ ነበርኩ።

አባቴ እያለከለከ ገባ፤ ሐኪሙ ለእሱም በአጭሩ በዕብራይስጥ ነገረው። የአባቴ ፊት ሲለወጥ አየሁ። አያቴም አየች። «ምን አለህ?» አለችው። አባቴ እኔን አየ፤ ከዚያ «እንዳለችሽ ነው እማዬ» አላት። ሁለታችንም ዋሸናት ማለት ነው።

ወጣን። አባቴ ወደ መኪናው ሲያመራ አያቴ ቆመች። «ቤት አልሄድም። ወደ ባሕሩ ውሰዱኝ» አለች። ሐይፋ ስትኖር ባሕሩ ዳር የሄደችባቸው ጊዜያት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ተያይዘን በባት ጋሊም ታየለት፣ በባሕሩ ዳር መራመጃ፣ ቀስ እያልን መሄድ ጀመርን። አያቴ መካከል ናት፤ አንድ እጇን አባቴ፣ አንዱን እኔ ይዘናል።

በበጋ ያንን ቦታ ታውቁታላችሁ፤ መቆሚያ የለውም። በዚያ ቀን ግን ጸጥ ብሏል። ሁለት ሽማግሌዎች ብቻ ይዋኛሉ። ድንጋዩ ላይ ዘንግ የጣሉ ዓሣ አጥማጆች ተቀምጠዋል። ወደብ ለመግባት ተራ የሚጠብቁ መርከቦች ከሩቅ ቆመዋል። ከምዕራብ ጥቁር ደመና እየመጣ ነው፤ ነፋሱ ዝናብ ዝናብ ይሸታል።

አባቴ ዝምታው ሲከብደው ስለ ቦታው ስም ማውራት ጀመረ። ባት ጋሊም ማለት በአማርኛ «የማዕበል ልጅ» እንደማለት ነው። ከ1981 ጀምሮ ወገኖቻችንን ከሱዳን የቀይ ባሕር ዳርቻ በሌሊት በጎማ ጀልባ እያወጡ ካሳፈሯቸው የእስራኤል ባሕር ኃይል መርከቦች አንዷ ስሟ ይኸው ነበር፤ ባት ጋሊም። የአባቴ አጎት በዚያች መርከብ ነው የመጡት። መጀመሪያ ሐይፋ ሲመጡ በባቡር ጣቢያው ላይ ስሙን አስነብበው «ይቺንማ አውቃታለሁ፤ እሷ ናት ያመጣችኝ» አሉ ይባላል። አያቴ ወሬውን መቶ ጊዜ ሰምታዋለች፤ ሆኖም ፈገግ አለች።

ከዚያ ወደ ባሕሩ ዞረች። አያቴ የደምቢያ ሰው ናት። በደምቢያ ሰው አፍ ጣና ሐይቅ አይባልም፤ ባሕር ነው። ማዶ ያለው ከተማም ስሙ ባሕር ዳር ነው መቼም። እናቷ ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ ገንቦና ምጣድ ተሸክመው ገበያ ሲሄዱ ከከፍታው ላይ ጣና ወለል ብሎ ይታያል፤ የደንገል ታንኳዎች እንደ ቅጠል ተበትነውበት። «መጀመሪያ እዚህ ባሕር ያመጡን ጊዜ» አለች፣ «በእፍኜ ዘግኜ ቀመስኩት። ጨው ማን ነሰነሰበት ብዬ ደነገጥኩ። ያገሬ ባሕር ከብት ይጠጣዋል። ይኼ ለዓይን ብቻ ነው።»

ወሩን ጠየቀችኝ። «በዕብራይስጡ ሔሽቫን ነው፤ በአገርሽ ጥቅምት» አልኳት። እኛ ስታቭ የምንለውን ወቅት አያቴ እስከ ዛሬ አልለመደችውም። በደምቢያ ዝናቡ በመስከረም ይሰናበታል፤ አደይ ትፈነዳለች፤ በጥቅምት ጤፉ መልኩን ይለውጣል፤ ብርዱ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚያሰኝ ነው። እዚህ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። ከፋሲካ ወዲህ ደርቆ የከረመ መሬት ዮሬን፣ የመጀመሪያውን ዝናብ የሚያገኘው በዚህ ወር ነው። «ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሰውነቴ እንቢ ብሏል» አለች። «ሰማዩ ሲጠቁር ሰኔ ገባ እላለሁ። ዘሩን የት አኖርኩት እላለሁ። እርሻ የለኝ፣ በሬ የለኝ፤ ልቤ ግን ይነሣል።»

ሠላሳ አራት ዓመት አብራን ኖራለች፤ ይህን ስትናገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ለምን? ጠይቄያት አላውቅማ!

ደክሟት አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እኔና አባቴ ሻይ ልንገዛላት ሄድን። ሻዩን እየጠበቅን አባቴ ቀስ ብሎ «ለምን አልነገርሻትም?» አለኝ። እኔም በንዴት «አንተስ?» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ እኔን ሳያይ፣ ባሕሩን እያየ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ያልነገረኝን ነገረኝ። እንደነገረኝ ልንገራችሁ።

«ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ኡም ራኩባ ከገባን ስድስት ወር ሆኖናል። ውኃ ስቀዳ፣ ሰልፍ ስይዝ፣ ከሱዳን ልጆች ጋር ስውል ዓረብኛ ለምጃለሁ። ከኛ ሰው ሐኪም ዘንድ የሚሄድ ሁሉ እኔን ይዞ ነው የሚሄድ። አንድ ቀን ለራሳችን ሆነ። እኅት ነበረችኝ፤ የአራት ዓመት ልጅ። ትኩሳት ይዟት ከረመ። ሐኪሙ አያትና ‘ይቺ ልጅ አትተርፍም፤ ለእናትየው ንገራት፤ ታቅፋት’ አለኝ። እማዬ ‘ምን አለ?’ አለችኝ። ‘ትድናለች አለ’ አልኳት። በማግሥቱ እማዬ ውኃ ልትቀዳ ወረደች። እሷ ሳትመለስ ልጅቷ አለፈች። እኔ ነገሩን ብነግራት ኖሮ ውኃ አትወርድም ነበር።»

እኔ አክስት እንደነበረችኝ የዚያን ቀን አወቅሁ። ስሟን አያቴ «ለቤት ይቅር» ስላለችኝ እዚህ አልጠራውም። የቀበራት አያቴ፣ ማለት ወንዱ አያቴ፣ ከሁለት ሰዎች ጋር ሆኖ ነው። ቦታውን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር፤ እሱም ካረፈ ቆይቷል።

ታሪኩን እናንተ ታላላቆቻችን ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ለእኩዮቼ ግን ልበለው። በዘመቻ ሙሴ ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 መግቢያ ድረስ ከካርቱም በአውሮፕላን ወደ 8,000 የሚጠጋ ሰው መጣ። አባቴና አያቴ ከእነዚያ መካከል ናቸው። በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች የቀሩት ግን ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል። በየዓመቱ ኢያር 28 ቀን በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ ይታሰባሉ። እኔ በትምህርት ቤት ሳለሁ በዚያ በዓል ላይ በዕብራይስጥ ንግግር አንብቤያለሁ። «አራት ሺህ» የሚለውን ቁጥር ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩት። ከአራት ሺዎቹ አንዷ የአባቴ ታናሽ እኅት እንደሆነች ሳላውቅ።

ሻዩን ይዘን ስንመለስ ዓይናችን ቀልቷል። አያቴ አየችንና «ምን ትንሾካሾካላችሁ?» አለች። ዝም አልን። አባቴን አየችው። «ኡም ራኩባን ነው የነገርካት?»

አባቴ የ46 ዓመት ሰው ነው። በዚያች ደቂቃ ግን ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ሆነ። «እማዬ፣ እኔ ያኔ…» ብሎ ጀምሮ መጨረስ አቃተው።

አያቴ «አውቄው ነበር» አለች። «ዓረብኛ ባላውቅ ፊት አላይም? ሐኪሙ ወዴት እንዳየ አይቻለሁ። አንተም ስትነግረኝ ከንፈርህ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ልጅ ነበርክ። ያን ቃል በልጅ አፍ አልሰማም ብዬ ነው። ውኃ የወረድኩትም አንተ ሳታየኝ ላለቅስ ነው። ቶሎ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። አልደረስኩባትም።»

እንግዲህ ወገኖቼ፣ እናትና ልጅ አንዱ ለአንዱ ሲሳሳ፣ አንዱ አንዱን ላለማሳዘን ሲል፣ ሠላሳ አራት ዓመት ሁለቱም ብቻቸውን ተሸክመውት ኖሩ። እሱ ‘እኔ ነኝ ያደረግሁት’ እያለ፤ እሷ ‘ውኃ ባልወርድ ኖሮ’ እያለች። በአንድ ቤት፣ በአንድ ማዕድ።

ከዚያ አያቴ ወደ እኔ ዞረች። ጣቷን አነሣች። «እሱ ያኔ ልጅ ነበር። አንቺ ግን 22 ዓመትሽ ነው። ሐኪሙ ያለውን አሁን ንገሪኝ። አንዲት ቃል እንዳታስቀሪ።»

ነገርኳት። በሕይወቴ እንደዚያ ከባድ አማርኛ ተናግሬ አላውቅም። ዲያሊሲስ በአማርኛ ምን እንደሚባል አላውቅም ነበር፤ «ደምን በመሣሪያ አውጥተው አጥበው ይመልሱታል» አልኳት። አዲስ አበባ «የኩላሊት እጥበት» እንደሚሉት ኋላ ነው የተማርኩት። አልፈልግም ካልሽ መብትሽ ነው ያለውንም፣ ያኔ ምን እንደሚሆንም ነገርኳት። አላለቀሰችም። ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ ጥሩ ጥሩ ጥያቄዎች። በሳምንት ስንት ቀን? ሰንበትን ይነካል? ያማል? ማን ያመላልሰኛል? የሰው ደም ይጨምሩብኛል ወይስ የራሴን ነው? የማውቀውን መለስኩ፤ የማላውቀውን በወረቀት ጽፌ በማግሥቱ ሐኪሙን ጠየቅሁት። በመጨረሻ «በጄ፤ ከስግድ በኋላ እጀምራለሁ» አለች። ሐኪሙም እስከዚያ መጠበቅ ይቻላል አለ። በመጪው እሑድ ትጀምራለች። የስግድን ጾም በተመለከተ ቄሳችንን ጠይቃ «ለታመመ ጾም የለበትም» ብለዋታል። አሁንም እያኮረፈች ነው፤ ቄሳችን እዚህ ስላሉ አንድ ጊዜ በድጋሚ ይንገሩልን።

ከመነሣታችን በፊት ሰማዩን ቀና ብላ አየች። «ሽመላዎቹ አልፈዋል?» አለች። አዎ፣ አልፈዋል። ሽመላ በነሐሴና በመስከረም ከአውሮፓ ተነሥታ፣ በእኛ ሰማይ አቋርጣ ወደ አፍሪካ የምትወርድ ወፍ ናት። በአገር ቤት ልጆቻችን ሽመላ ባዩ ቁጥር ስለ ኢየሩሳሌም እየዘፈኑ ይጠይቋት እንደነበር ሁላችሁም ሰምታችኋል። አያቴም በልጅነቷ ጠይቃታለች። «አሁን ባገኛት» አለች፣ «ስለ ኡም ራኩባ ነበር የምጠይቃት። ከዚህ ተነሥታ እዚያ ላይ አይደል የምታልፈው?»

ያኔ ነው የጠየቅኋት። «እማማ፣ አገር ቤት ይናፍቅሻል?»

ብዙ ዝም ካለች በኋላ እንዲህ አለች። «እዚያ ሳለን ኢየሩሳሌም ብለን አለቀስን። እግዚአብሔር ሰማንና አመጣን። አሁን እዚህ ተቀምጬ ደምቢያ ናፈቀኝ ብል፣ ምስጋና ቢስ የሆንኩ ይመስለኛል። እናንተም ‘ታዲያ ለምን መጣሽ?’ የምትሉኝ ይመስለኛል። ስለዚህ ዝም ብዬ አድራለሁ።»

የዛሬው ንግግሬ ለዚህች ቃል ነው። አያቴ ሁለት ናፍቆት አላት። አንዱን በስግድ ቀን በአደባባይ ታሰማዋለች፤ ሌላውን አፍና ይዛዋለች። እኔ ደግሞ ያፈነችውን እንድትናገር ጠይቄያት አላውቅም፤ ሳትናገር ስትቀርም «ደህና ናት» ብዬ ነው የተረጎምኩት። ለሐኪሙ፣ ለጎረቤቱ፣ ለራሴም። አሁን የሚገባኝ፣ የእናቷ መቃብር ያለበትን አገር፣ የልጇ መቃብር ያለበትን በረሃ የምትናፍቅ ሴት ኢየሩሳሌምን አልካደችም። ኢየሩሳሌምን ለመናፈቅ ያስተማራት ያ የደምቢያ ልብ ነው። ልብ ደግሞ አንዱን ሲያገኝ ሌላውን አይረሳም።

ወላጆቻችን፣ በአክብሮት አንድ ነገር ልለምናችሁ። እኛ ብቻ አይደለንም ቃል የምንዘል፤ እናንተም ትዘላላችሁ። «መንገዱ እንዴት ነበር?» ስንላችሁ «ይመስገነው፣ ደረስን» ትሉናላችሁ። ለእኛ አዝናችሁ መሆኑን እናውቃለን። ግን እኛ አድገናል። ወታደር ቤት አገልግለን መጥተናል፤ ዩኒቨርሲቲ ገብተናል፤ ልጅ የወለዱም አሉን። ናፍቆታችሁን ንገሩን። ምስጋና ቢስ አንላችሁም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ለእኛ ደግሞ ሦስት ነገር አለኝ።

አንደኛ፣ ስታስተረጉሙ ሙሉውን አስተርጉሙ። ክፉውን ወሬ ዘልላችሁ አያታችሁን ያዳናችኋት አይምሰላችሁ፤ የራሷን ነገር ራሷ እንዳትወስን ነው ያደረጋችኋት።

ሁለተኛ፣ ከአቅማችሁ በላይ ሲሆን ብቻችሁን አትሸከሙት። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ መሠረት የጤና ተቋማት ሰውን በሚገባው ቋንቋ የማስተናገድ ግዴታ አለባቸው። «አማርኛ አስተርጓሚ እንፈልጋለን» ማለት ልመና አይደለም። በተለይ ታናናሾቻችሁን፣ የዐሥርና የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጆችን ከባድ ቃል አታሸክሟቸው። አባቴ በዐሥራ ሁለት ዓመቱ የተሸከመውን አይቻለሁ።

ሦስተኛ፣ ከስግድ በፊት ሁላችሁም አንድ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ባሕሩ ቅርብ ነው፤ ነፃ ነው፤ ቀጠሮም አይፈልግም። አያት፣ እናት፣ አጎት ይሁን። ቀስ ብላችሁ ተራመዱና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ «ምን ይናፍቅሃል? ምን ይናፍቅሻል?» መልሱን በፊደል ጻፉት። ፊደል የማያውቅ እኔ ጋ ይምጣ፤ አብረን እንጽፋለን። ማኅበሩ እየሰበሰበ ሊያስቀምጠው ተስማምቷል።

ስግድ በእስራኤል ብሔራዊ በዓል ሆኖ በሕግ ከታወጀ ዘንድሮ 10 ዓመቱ ነው። ረቡዕ፣ ሔሽቫን 29 ቀን፣ እግዚአብሔር ቢፈቅድ ኢየሩሳሌም በአርሞን ሃናጺቭ ታየለት እንገናኛለን። እዚያ ስትቆሙ ቄሶቻችንን አዳምጡ። ከኦሪትና ከነቢያት፣ ከነህምያም መጽሐፍ በግዕዝ ያነባሉ፤ ከዚያ ሕዝቡ እንዲገባው በአማርኛ ይተረጉሙታል። በራሱ በነህምያ መጽሐፍ ውስጥም እንዲሁ ነው የሆነው፤ ሕጉን አነበቡ፣ ትርጉሙን አስረዱ፣ ሕዝቡም ሲገባው አለቀሰ። የሚያስለቅስ ነው ብለው አልዘለሉትም። እኛም የዚያ ቤት ልጆች ነን።

በዚያ ቀን ከባት ጋሊም ስንመለስ ዝናቡ መኪናው ውስጥ ሳንገባ ደረሰብን። አባቴ ጃኬቱን ሊያለብሳት ሲል አያቴ እንቢ አለች፤ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውርዳ ትንሽ ቆመችበት። «የሰኔ ነው» አለች። አባቴም እኔም «የለም፣ የሔሽቫን ነው» አላልናትም።

 መልካም ስግድ ያድርግልን።